ስፒል የሚፈልግ እጅ

ነጻነት በመጣ ሰሞን አስመራ ውስጥ አዲስ ኮት የሚገዛ ሰው ጥቂት ነበር። አቦይ የምንላቸው የአባቴ ታላቅ ወንድም ዓኽርያ ሰፈር ባለችው የልብስ ስፌት ቤታቸው የነተበውን ኮት ይፈቱና ያልነተበውን ውስጡን ወደ ውጭ ገልብጠው ይሰፉት ነበር። "የራስህ ኮት ትከሻህን ያውቀዋል" ይሉታል ባለቤቱን። ኮቱን ለባለቤቱ ከመመለሳቸው በፊት ግን እጃቸውን እጅጌው ውስጥ አስገብተው እየዳበሱ የተረሳ ስፒል ይፈልጋሉ። ጣታቸው ሲደማ "እሱን ከሚወጋው እኔን ይውጋኝ" ይላሉ።

ዓመታት አልፈው፣ በሰው አገር ሳለሁ፣ የደም ካንሰር ተገኘብኝ። ሐኪሟ ከደሜ ውስጥ ተከላካይ ሴሎችን አውጥተው፣ ካንሰሩን ለይተው እንዲገድሉ በላቦራቶሪ ቀይረውና አባዝተው እንደሚመልሱልኝ ነገረችኝ። ይህንኑ ለአቦይ በስልክ ሳስረዳቸው "ታዲያ ኮት መገልበጥ ነዋ፣ ጓለይ፣ ልጄ" አሉ። ቀጥለውም "ስፒሉንስ ማን ይፈልግልሻል?" ሲሉ ጠየቁኝ።

እውነታቸውን ነበር። ሴሎቹ ከተመለሱልኝ በኋላ ከባድ ትኩሳት ያዘኝ። ሐኪሟ ይህ ሴሎቹ ካንሰሩን ሲዋጉ የሚመጣ ነው ብላ፣ እስኪበርድልኝ ከአጠገቤ አልራቀችም። ስፒሉን የሚፈልግልኝ ሰው መገኘቱን ለአቦይ ልደውልላቸው ስል ግን እህቴ "መጀመሪያ አገግሚ" እያለች ታዘገየኝ ነበር።

ካንሰሩ መጥፋቱን በሰማሁ ማግስት ዘመዶች በማለዳ መጡ። አቦይ ያረፉት እኔ በትኩሳት ስቃጠል ነበር። ሊያርፉ ሲሉ መርዶው እንዲደበቀኝ ያዘዙትም ራሳቸው ናቸው።

"እስክትድን አትንገሯት" ብለው ነበር፤ "ይወጋታል።"

የቐንየለይ፣ አመሰግናለሁ፣ አቦይ።