አክስቴ ከጥይት ያተረፉት ውሻ

አክስቴ ካረፉ አርባ ቀን ሞላቸው። ጠዋት ጠዋት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የውሻቸውን የዓይን ቆብ ገለጥ አድርገው ሳያዩ እህል አይቀምሱም ነበር። አሁን ውሻው እዚያው ቦታ ብቻውን ቁጭ ይላል።

አምና ሐምሌ ውሻው ምግብ ዘጋው፤ ያስታውከው፣ ሲሄድም ያንገዳግደው ጀመር። የአገራችን ጭቃ ሹም ጠመንጃቸውን ይዘው መጡና፣ «አብዷል፤ ሰው ሳይነክስ ይገደል» አሉ።

አክስቴ ከፊታቸው ቆሙ። «ቆዩ እስቲ ጌታዬ፣ ዓይኑን ይዩት።» የዓይኑ ነጭ እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል። «ጉበቱን ነው ያመመው። የወፍ በሽታ እንጂ እብደት አይደለም።»

ጭቃ ሹሙ እያጉረመረሙ ተመለሱ። አክስቴ ጓሮውን ቢፈትሹ፣ ውሻው የተደፋ የሻገተ አተር ሲበላ ከርሟል። አተሩን ቀበሩት። ስብ የነካውን ሁሉ ከለከሉት፤ ቀጭን የገብስ አጥሚትና አጓት ጥቂት ጥቂት እያደረጉ በቀን አምስት ጊዜ አጠጡት። እኛም «አራስ መሰለ እኮ!» እያልን ሳቅንባቸው።

ፍልሰታ የተፈታ ዕለት ጭቃ ሹሙ እየጮሁ መጡ። «እመይቴ፣ ያ ውሻዎ የሙክቴን ላት ይዞብኝ ሮጠ!»

አክስቴ እልልታቸውን አቀለጡት። ወዲያው ግን ስቡ ትዝ ቢላቸው ደንግጠው ተነሡ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጭቃ ሹሙን ቀድመው፣ በገብሱ ማሳ ውስጥ ውሻውን ማሳደድ ያዙ።