ማማ አሪየት ያስገኙልኝ ሥራ

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት... ጋምቤላ፣ በተከራየሁበት ግቢ ማንጎው ሥር ቁጭ ብዬ፣ ከደንበኛዬ ጋር በቪዲዮ እያወራሁ፣ ድንገት አንድ ሰፊ መዳፍ መጥቶ አናቴ ላይ አረፈ።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልጀምር።

አዲስ አበባ አንድ ማተሚያ ቤት ዲዛይነር ነበርኩ። ለቀቅኩ። ሥራዬ የሚፈልገው ላፕቶፕና ኔትወርክ ብቻ ከሆነ ለምን አገሬን እያየሁ አልሠራም ብዬ፣ ጅማ ከረምኩ፣ ሚዛን ከረምኩ፣ ከዛ ጋምቤላ ገባሁና ባሮን አይቼ መውጣት አቃተኝ። ሙቀቱን ግን አትጠይቁኝ። ላፕቶፑም እኔም እኩል ነው የምንግለው።

አከራዬ ማማ አሪየት ይባላሉ። ከአኝዋ ብሔረሰብ ናቸው፣ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ይሠራሉ። ገና ሻንጣዬን ሳላሳርፍ የጠየቁኝ፦

«የት ነው የተመደብሽው?»

እዚህ ከደጋ የሚመጣ ሰው ወይ መምህር ሆኖ ተመድቦ ነው፣ ወይ ነርስ ሆኖ ተመድቦ ነው፣ ወይ ደግሞ ለወርቅ ወደ ዲማ የሚያልፍ ነው።

«አልተመደብኩም ማማ። ሥራዬ እዚህ ውስጥ ነው» ብዬ ላፕቶፔን አሳየኋቸው።

ላፕቶፑን አዩት። እኔን አዩኝ።

«አይዞሽ ልጄ፣ ይመድቡሻል» አሉኝ።

ከዛ ወዲህ ለማስረዳት ያልሞከርኩት የለም። «የኔም ልጅ ኮምፒውተር አለው፣ ፊልም ያያል» ይሉኛል። ለሳቸው ሥራ ማለት ጠዋት ወጥቶ ማታ መግባት ነው። ከጤና ጣቢያ ሲመለሱ እኔን እዛው ማንጎ ሥር ያገኙኝና ከንፈራቸውን መጠጥ አድርገው የተጠበሰ ዓሣ ያመጡልኛል። ሥራ ፈት ተብዬ የበላሁትን ያህል ዓሣ ደሞዝተኛ ሆኜ በልቼ አላውቅም።

ወደ ሐሙስ ልመለስ። ይሄ ደንበኛዬ አዲስ አበባ በርበሬና ሽሮ እያሸገ የሚሸጥ ሰው ነው። የማሸጊያውን ዲዛይን በሙሉ ለዓመት ሊሰጠኝ አስቧል፣ ግን ልቡ አልቆረጠም። «አንድ ቦታ የማትቀመጪ ልጅ... መሀል ላይ ብትጠፊብኝስ?» ይላል። እሱ እንቢ ካለኝ ደግሞ አለቀልኝ። የያዝኳቸው ትንንሽ ሥራዎች ኪራይ እንኳ አይችሉም፣ ሻንጣዬን ሸክፌ የድሮ ቢሮዬን ደጅ ልጠና ነው።

ጠዋት ማማ አሪየት ሲወጡ፣ ጨንቆኝ ስለነበር፣ «ማማ፣ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሥራዬ ነገር ይወሰናል፣ ይጸልዩልኝ» አልኳቸው። እንደው... ሰው «ጸልዩልኝ» እንደሚለው ነዋ! እኔ የማውቀው «እሺ» ተብሎ ሲታለፍ ነው።

ማማ አሪየት አላለፉትም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከሥራ አስፈቅደው፣ ከቤተ ክርስቲያናቸው ሦስት እናቶች አስከትለው ከተፍ አሉ። እኔ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ስላለ ሲገቡ አልሰማሁም። አናቴ ላይ ያረፈው መዳፍ የሳቸው ነበር። አንዷ እናት ትከሻዬን ያዘች። ሌላዋ ደግሞ ላፕቶፑም እንዳይቀርበት ብላ መሰለኝ፣ እጇን ካሜራው ላይ ጫነች።

«ሄሎ? ጨለመብኝ... አለሽ?» ይላል ደንበኛዬ።

ማማ አሪየት ጀመሩ። ሌሎቹ በአኝዋኛ፣ እሳቸው እኔ እንዲገባኝ ብለው በአማርኛ።

«ጌታ ሆይ! ይቺ ልጅ ጥሩ ልጅ ናት። ሥራ የላትም። ቀን ሙሉ ዛፍ ሥር ትቀመጣለች። እናቷ ሩቅ ናት፣ እዚህ እናቷ እኔ ነኝ። ጌታ ሆይ ሥራ ስጣት! የሰውዬውን ልብ ክፈት!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ጎበዝ ሠራተኛ ነኝ ብዬ የማሳምነው ሰውዬ ጆሮ ላይ «ሥራ የላትም» እየተባለ ይጸለይልኛል። ማይኩን ልዘጋ እጄን ስሰድ ሦስተኛዋ እናት እጄን ቀብ አደረገችው... ለጸሎት። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እንዲህ እጅ ተጭኖብኝ ተጸልዮልኝ አያውቅም። ግን «እናቷ እኔ ነኝ» ሲሉ ዐይኔ እንባ ሞላ። ከቤቴ ከወጣሁ ጀምሮ እንደዛ ያለኝ ሰው አልነበረም።

«አሜን!» ተባለ። የሴትዮዋ እጅ ከካሜራው ሲነሳ ደንበኛዬ አፉን ይዞ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እየሳቀ ነው።

«ማናቸው?»

«አከራዬ ናቸው... ሥራ ፈት እመስላቸዋለሁ።»

እንባውን ጠራረገ። «እኔ የፈራሁት ትጠፊያለሽ ብዬ ነበር። እኚህ እናት እያሉ የት ትጠፊያለሽ? በይ ውሉን እልክልሻለሁ» አለኝ።

ዞሬ «ማማ፣ ሰጠኝ!» ስላቸው የተነሳው እልልታ... ጎረቤት ሠርግ መስሎት መጣ።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር።

አርብ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። በቢጃማ ወጣሁ። ማማ አሪየት የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው፣ በፌስታል የተቋጠረ ምሳ ይዘው ቆመዋል። ከላይ እስከ ታች አይተውኝ ደነገጡ።

«ልጄ! በመጀመሪያ ቀን ታረፍጃለሽ? እኛ እኮ ለምነን ነው ያገኘንልሽ!»

«ማማ፣ ሥራው እኮ እዚሁ...» ብዬ ጀመርኩና ፊታቸውን አየሁት። ደስታቸውን ማፍረስ አልቻልኩም። ገብቼ ለባበስኩ፣ ላፕቶፔን አንጠልጥዬ አብሬያቸው ወጣሁ። መንገድ ላይ ላገኙት ሰው ሁሉ «ሥራ አገኘች!» ይላሉ። ጤና ጣቢያው በር ላይ መርቀውኝ ገቡ።

እኔ ባሮ ዳር ካለ ሻይ ቤት ገብቼ ሥራዬን ጀመርኩ። ምሳ ሰዓት ላይ ፌስታሉን ፈታሁት። ዓሣ ነው። ሥራ እንዳያስፈታኝ ብለው ነው መሰለኝ፣ እሾሁን አንድ በአንድ ለቅመው አውጥተውልኛል። ሰው ፊት አለቀስኩ።

ማታ በር ላይ ጠበቁኝ። «አለቃሽ እንዴት ነው? ሰው ነው?»

«በጣም እንጂ፣ ማማ።»

እንደ ልቤ ልሁን ብዬ ከቢሮ የወጣሁት ሴትዮ... አሁን አንድ ቀን ለመቅረት የማስፈቅደው አከራዬን ነው።