ደቃቅ ዱቄት አይናገርም

ስለ እትዬ ወንፊት ማውራት የማይገባው ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። ግን ነገሩን ከሥሩ የማውቀው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ዓይኔን በጨው አጥቤ ልናገር።

ስማቸው ወንፊት አልነበረም። በሆስፒታሉ ምድር ቤት ባለችው የቅባት መቀመሚያ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ዱቄት ሲነፉ ስለኖሩ እኛ ያወጣንላቸው ስም ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ በዚህ ስም እንደምንጠራቸው የማያውቁት እርሳቸው ብቻ ይመስሉን ነበር። አጠር፣ ደረቅ ያሉ ሴት ነበሩ። ከጋዋናቸው ላይ ነጭ ብናኝ ስለማይጠፋ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሰዎች "እርስዎንስ ከነጋዋንዎ መንከር ነው" እያሉ ይቀልዱባቸዋል። እርሳቸውም "ንከሩኛ! ሟሙቼ ስቀር ቅባቱን ማን እንደሚሠራላችሁ አያለሁ" ይሏቸዋል።

ወደዚያ ክፍል የገቡት ወለል ሊጠርጉ ነበር። ባላቸው ሞተውባቸው አንዲት ሴት ልጃቸውን ብቻቸውን ያሳድጉ ነበር። አንድ ቀን የፈሰሰ ዱቄት ሲጠርጉ ከመጥረጊያው ሥር ጭርጭር ሲል ሰሙና ለያኔው ቀማሚ "የዛሬው ዱቄት ሻካራ ነው፤ ይጮኻል" አሉት። ሳቀባቸው። በሳምንቱ ግን ቅባቱ ተበላሸ፤ ዱቄቱ ሁሉ ሥር ተኝቶ ተገኘ። ከዚያ በኋላ መጥረጊያውን ተቀብለው ወንፊቱን ሰጧቸው። ከዚያች ጆሮ ሌላ ዲፕሎማ አልነበራቸውም።

የምንሠራው አንድ ዓይነት ቅባት ነበር፤ ሙቅ ውኃ ወይም እሳት ላቃጠላቸው ሕፃናት የሚቀባ፣ ነጭና ወፍራም። ዘይትና ውኃ ነው። ሁለቱ አብረው እንደማያድሩ ሕፃን ያውቃል፤ ስለዚህ ሌላ ቦታ እንዲህ ያለ ቅባት ሲሠራ ሳሙና ነክ ነገር ገብቶ ያስታርቃቸዋል። ለእነዚያ ልጆች ግን ሳሙና አይሆንም፤ የተላጠ ቆዳ ላይ ይለበልባል። የእኛን ቅባት የሚያያይዘው ዱቄት ብቻ ነበር፣ የዚንክና የነጭ ሸክላ ዱቄት።

ዱቄት እንዴት ዘይትና ውኃን እንደሚያስታርቅ ኮሌጅ አልነገሩኝም፤ ያስረዱኝ እርሳቸው ናቸው። "አየህ ልጄ፣ ቅንጣቷ ትንሽ ዘይት ትወዳለች፣ ትንሽ ውኃ ትወዳለች። ስለዚህ አንዱ ጋ ጠቅልላ አትገባም፤ ድንበሩ ላይ ቁጭ ትላለች። አንዷን የዘይት ጠብታ ዙሪያዋን ከብበው ሲቀመጡባት፣ ጠብታዋ ከእህቷ ጋር ልቀላቀል ብትል መግቢያ ታጣለች።" በኋላ መጽሐፍ ሳገላብጥ ያገኘሁት ይህንኑ ነው፤ መጽሐፉ ላይ ቁጥር በዛበት እንጂ። ድንበሩ ላይ አንዴ የተቀመጠች ቅንጣት በቀላሉ አትነቀልም፤ ቅባቱም ሳይለያይ ዓመት የሚቀመጠው ለዚህ ነው። ግን ደቃቅ መሆን አለባት። ሻካራዋ ክብደቷ ይጎትታትና ብልቃጡ ሥር ወርዳ ትተኛለች።

የዱቄቱን መድቀቅ የሚለኩት በጆሮ ነበር። ከነፉት ላይ ቆንጠር አድርገው በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መሃል ይይዙና ጆሯቸው ሥር ያሹታል። ጭር ካለ ወደ ወንፊቱ ይመለሳል። ምንም ካላለ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው "ደቃቅ ዱቄት አይናገርም" ይላሉ። በዚያች ደቂቃ ክፍሉ ውስጥ ላወራ ሰው ወዮለት።

እኔ ከኮሌጅ የወጣሁ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ቀማሚ ተብዬ የእያንዳንዱን ቅባት ካርድ የምሞላው እኔ፣ የምፈርመውም እኔ። እርሳቸው ይነፋሉ፣ እኔ አማስላለሁ። ማማሰሉ አርባ ደቂቃ ይፈጃል፤ ክንድ ይገነጥላል። አንድ ሰኞ ጎብኚዎች ይመጣሉ ተባለና ቅባቴ ከወትሮው ይበልጥ ነጭ፣ ይበልጥ ልስልስ ብሎ እንዲታይልኝ ፈለግኩ። እትዬ ዕቃ ሊያጥቡ ወጣ ሲሉ አንድ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ጨመርኩበት። አንድ ማንኪያ ምን ያመጣል ብዬ ነው። ካርዱ ላይም አልጻፍኩትም።

ሲያዩት ያምር ነበር። በአሥር ደቂቃ እንደ እርጎ ረጋ። ጎብኚዎቹ በጣታቸው እየነኩ አደነቁ፤ አለቃችንም ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። እትዬ ብቻ በማንኪያ አንስተው አገላብጠው አዩትና "ዛሬ ምን ነካው? ተቻኮለ" አሉ።

"ጉልበቴ ነዋ!" አልኳቸው። ሳቁ፣ አብሬ ሳቅኩ።

በዘጠነኛው ቀን ብልቃጦቹ መመለስ ጀመሩ። ላይ ዘይት፣ መሃል ውኃ፣ ሥር ነጭ ዱቄት። አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ እስከ ምድር ቤት ድረስ ወርዳ "ምንድን ነው የሰጣችሁኝ? በቀባሁት ቁጥር እሪ ነው የሚለው!" ስትል ሰማኋት። የልጁ ክንድ ፍም መስሏል። ሳሙናው ምን እንዳደረገ ዛሬ በደንብ አውቃለሁ። ቅንጣቶቹን ለበጣቸው፤ ዘይት መውደዳቸው ቀረ፤ ድንበሩን ለቀው ወደ ውኃው ገቡና ሰመጡ። ሳሙናው ራሱ ደግሞ አንድ ማንኪያ ስለሆነ ቦታቸውን ሊይዝ አልቻለም። ያኔ ይህን ሁሉ ባላውቅም ጥፋቱ የማን እንደሆነ ግን አውቅ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

አለቃችን መጥተው ብልቃጦቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደሯቸውና ሥር ሥራቸውን በእስክሪብቶ እየነኩ "ዱቄቱ ወርዷል። ዱቄት የሚወርደው ሲሻክር ነው አይደል የምትሉኝ?" አሉ።

እትዬ ከዚያው ዱቄት የተረፈውን ቆርቆሮ ከቁም ሳጥኑ አወጡ። ቆንጠር አደረጉ። ጆሯቸው ሥር አሹት። ቆዩ። በሌላው ጆሯቸውም ሞከሩ።

"ምንም አይሰማኝም" አሉ።

ዱቄቴ ደህና ነው ማለታቸው ነበር። አለቃችን ግን ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ወጣት ነህ። እስቲ አንተ ስማው።"

ተቀብዬ አሸሁት። ምንም አይልም። በሕይወቴ እንደዚያ የደቀቀ ዱቄት በእጄ ገብቶ አያውቅም። አለቃችን ይጠብቃሉ፣ እትዬ ይጠብቃሉ። ካርዱ ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነው።

"ይጮኻል" አልኩ።

አንድ ቃል ናት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የእኔ ወለምታ እንኳ አልነበረም፣ አስቤበት ነው ያልኩት።

እትዬ ጣቶቻቸውን አዩ። "እንግዲያው ጆሮዬ ነው" አሉ። አልተከራከሩም። ቢሰድቡኝ፣ ቆርቆሮውን ቢወረውሩብኝ ምንኛ በወደድኩ። "ያን ሁሉ ልጅ ያስለቀስኩት እኔ ነኛ" ብለው ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። ማንም ሂዱ አላላቸውም። በሳምንቱ ግን በገዛ እጃቸው ጋዋናቸውን አጥፈው አስቀመጡ፤ የቁም ሳጥኑን ቁልፍ መዳፌ ላይ አኑረው "ያንተ ጆሮ ጎበዝ ነው። ልጆቹን አደራ" አሉኝና ሄዱ። ቁልፉን ተቀበልኩ።

ቀጣዩን ቅባት የሠራሁት ከዚያው ቆርቆሮ ነው፤ ያለ ሳሙና፣ አርባ ደቂቃ አማስዬ። ዓመት ተቀምጦ አንዲት ጠብታ አልወጣውም። ከዱቄቱ የተረፈችውን ጥቂት በትንሽ ብልቃጥ አድርጌ መሳቢያዬ ውስጥ ሸሸግኳት። ለምን እንደሆነ እንጃ፤ መጣሉን ፈራሁ።

አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። ባለፈው ወር የዳቦ ሰልፍ ላይ ልጃቸውን አገኘኋት። እናቷን ስጠይቃት "ደህና ናት፤ ጆሮዋ ነው እንጂ" አለችኝ። "ከእናንተ ዘንድ ከወጣች ወዲህ ጭራሽ ጠፋ። ምንም ብትላት 'ምን አልክ?' ነው። ቤታችን እኮ ገበያ ሆኗል፤ ጎረቤት ስንጣላ የምንውል ነው የሚመስለው።" ሳቀች። እኔም ሳቅኩላት። በነጋታው ግን መሳቢያዬን ከፍቼ የዱቄቱን ብልቃጥ አወጣኋት።

እሑድ ከሰዓት ብርቱካን ገዝቼ፣ ያቺን ብልቃጥ ኪሴ ከትቼ ሄድኩ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ቤት ናት። እትዬ ግቢውን በሚያሳየው መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ይበልጥ አጥረዋል።

"እማዬ! የመሥሪያ ቤት ሰው መጣልሽ!" ብላ ጮኸች ልጃቸው።

"ምን አልሽ?"

"የመሥሪያ ቤት! ከቅባት ክፍል!"

"እ፣ ከቅባት ክፍል" አሉና እጄን ይዘው አገላብጠው ሳሙኝ። ያ መሳም ከጥፊ ይብስ ነበር። ልጃቸው "ጮክ ብለህ አውራት፤ አለዚያ አትሰማህም" ብላኝ ሻይ ልታፈላ ኩሽና ገባች።

የሄድኩት ልናገር ነበር። ለመናገር ግን መጮህ ነበረብኝ፤ መስኮቱ ክፍት ነው፣ ግቢው ውስጥ ሰዎች ልብስ ያሰጣሉ። ያኔ ሁለተኛውን ነውር ሠራሁ። ድምፄን ዝቅ፣ በጣም ዝቅ አድርጌ፣ ዓይኔን ብርቱካኖቹ ላይ ተክዬ "እትዬ፣ ያን ቀን ዱቄቱ አልጮኸም። ሳሙና የጨመርኩት እኔ ነኝ። ዋሽቼ ነው" አልኩ። እንደማይሰሙኝ ተማምኜ ነው። ተናግሬያለሁ እኮ ብዬ ተኝቼ ለማደር ነው። አሁንም ሳስበው ፊቴን የማደርግበት አጣለሁ።

"ምን አልክ?" ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ። አላሉም።

"ድገመው" አሉ።

ዓይኔን ከብርቱካኖቹ ላይ አነሳሁ። "ይሰማሉ እንዴ?"

"መቼ ጠፋብኝና! የሰማሁትን ማመን ነው ያቃተኝ። ሰው ሲያወራኝ 'ይሄ እኮ ዱቄት የሳተ ጆሮ ነው' እላለሁ፤ ስለዚህ ምን አልክ እላለሁ። ጮኸው ሲደግሙልኝ ያን ጊዜ አምናለሁ።" ቀጠሉና "ወንፊት ትሉኝ እንደነበረም ሰምቻለሁ" አሉ። "በል ድገመው። ጮክ ብለህ፤ ልጄ ኩሽና ናት።"

ጮኽኩ። ሳሙናውንም፣ ካርዱንም፣ "ይጮኻል" ማለቴንም፣ ሁሉንም ጮኼ ተናገርኩ። ግቢው ውስጥ ልብስ የሚያሰጡት ጸጥ አሉ። ልጃቸው ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች።

"እማዬ! ምን እያለ ነው ይሄ—"

"ቀስ በይ" አሏት። "እሰማሻለሁ።"

ማንቆርቆሪያውን ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። ለመናገር አፏን ከፈተች፣ ምን ያህል ጮክ ማለት እንዳለባት ግራ ገባት መሰለኝ፣ መልሳ ዘጋችው። እኔን ቀና ብላ አላየችኝም።

"ያ ዱቄት ምን ሆነ?" አሉ እትዬ።

ብልቃጧን ከኪሴ አወጣሁ። ከፈቷት። ቆንጠር አደረጉ፤ ጆሯቸው ሥር አሹት፣ በአንዱ፣ ከዚያ በሌላው። ፊታቸው ላይ ምንም አላነበብኩም። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ጣቶቻቸውን እኔ ጆሮ ሥር አመጡ።

"ምን ይላል?"

"ምንም አይልም።"

"ምንም አይልም" ብለው ደገሙት። "ያን ቀን እንዲህ ብትለኝ ምን ይጎድልብህ ነበር?"

ጣታቸው ጆሮዬ ሥር ነው፤ ማሸታቸውንም አላቆሙም።