ለወንድም የተጠየቀ መሐላ

ሸጋው ከሱዳን ድንበር ለአርበኞች ጥይት ጭኖ ሲመለስ ሽንፋ ወንዝ መሻገሪያው ላይ ተገደለ። ጥይቱ የገባው በጀርባው ነበር።

«ባንዳ ነው የጨረሰው፤ ሌላ ማን ይሆናል!» አሉ አማቱ አገኘሽ፣ ለቀስተኛው ሁሉ እንዲሰማ።

ጎረቤታቸው ሐሚዳ ጨው ቸርቻሪ ነች፤ አፏን አትይዝም። «ዘንድሮ የሞተ ሁሉ ጣሊያን የገደለው ነው። እንዲያው የእኔንም ፍየል በዚያው ደምሩልኝ» አለች። ለቀስተኛው ሳቁን ዋጠ።

ሐሚዳ ያለ ነገር አልተናገረችም። ሸጋው በየት በኩል እንደሚመለስ የሚያውቁት ሚስቱ አየሁሽና የእሷ ታናሽ ወንድም ፈረደ ብቻ ነበሩ። ፈረደ ባንዳ ልግባ ብሎ በተነሣ ጊዜ ደግሞ ሸጋው ገበያ መካከል በጥፊ አጩሎታል። ያን ጥፊ ያልሰማ ሰው አገሩ ላይ አልነበረም።

አየሁሽ ግን ሐሜቱን በጆሮዋ አላስገባችም። ፈረደን አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ሲታመም በጭኗ ያስተኛችው፣ ሲያጠፋ ዱላውን የተቀበለችለት እሷ ናት።

ሽማግሌዎቹ ከጣሊያን ተደብቀው አውጫጭ ጠሩ። ገዳዩ እስኪታወቅ አገሬው ሾላው ሥር ሊቀመጥ፣ ማንም ወደ ቤቱ ላይመለስ ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አያ ገብረማርያም አስቀድመው ወደ አየሁሽ መጡ።

«ደሙ የአንቺና የልጅሽ ነው» አሏት። «ወንድሜ ንጹሕ ነው ብለሽ ወንጌል መትተሽ ከማልሽ የሚነካው የለም። ካልማልሽ ግን የሸጋውን ወንድሞች እኛም አንይዛቸውም።»

«እምላለሁ፣ አያ» አለች ሳታንገራግር።

በአውጫጩ ቀን ጠዋት እናቷ ቤት ቁርስ ቀረበ። ፈረደ እንደ ሰሞኑ ሁሉ ጥግ ይዞ፣ የወይካ ወጡ ለብቻው በጣባ ተቀምጦለት ይበላል። «ሐዘን ገብቶታል፤ ተዉት ለብቻው ይቅመስ» ይሉ ነበር አገኘሽ። የአየሁሽ ሕፃን ውባንተ ድክ ድክ ብሎ ሄደና ከአጎቱ ጣባ ጎረሰ።

አገኘሽ ተወርውረው ልጁን ያዙት። ጣታቸውን አፉ ውስጥ ከትተው ጉርሻውን ፈልፍለው አወጡ። ልጁ አለቀሰ። ፈረደ አንገቱን ደፍቶ ቀረ።

አየሁሽ ልጇን ከእናቷ እጅ ተቀበለች። በመካከላቸው ደም ያለ ሰዎች እስኪታረቁ በአንድ ማዕድ እንደማይቆርሱ፣ የሟች ልጅ ከገዳይ እጅ ከበላ ገላው ይቆስላል እንደሚባል ያስተማሯት እኒሁ እናቷ ናቸው።

«እማየ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቁት?»

«ምኑን?»

«ልጄን ለምን ከለከሉት?»

«ጉንፋን ይዞታል ወንድምሽን። እንዳያስይዘው ብዬ ነው።»

«ሬሳው ሳይቀበር ጣባውን ለይተውለታል! እኔን ግን ማዪለት ይሉኛል።»

«ባልሽን ባንዳ ገደለው አልኩሽ!» አሉ አገኘሽ። «አንዱን ቀብረሻል፤ ሌላውን ደግሞ በአፍሽ ልትቀብሪ ነው?»

ሾላው ሥር ወንጌሉ ቀረበላት። አየሁሽ እጇን ከነጠላዋ ሥር አላወጣችም።

«እናቴ ይማሉለት» አለች። «ከእኔ ይልቅ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።»

ፈራ ተባ ይላሉ ብላ ጠብቃ ነበር። አገኘሽ ግን ተነሥተው ወንጌሉን በመዳፋቸው መቱና፣ «ልጄ ሰው አልገደለም» ብለው ማሉ።

አያ ገብረማርያም ራሳቸውን ነቀነቁ። «ደሙ እኮ የእርስዎ አይደለም፣ እቴ።»

የሸጋው ወንድሞች ከተቀመጡበት ተነሡ። ፈረደ እናቱን አላየም።

«እታለም» አለ ወደ አየሁሽ ዞሮ።

ልጇን አቀፈችና ፊቱን ወደ ደረቷ መለሰችው።