ለእነጫልቱ የያዝኩት ሆቴል

ሚኒሶታ፣ ሪችፊልድ ከተማ ባለው የጉዞ ቢሮ ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሽ ተስፋይ ኮምፒውተር አላስነኩኝም። አንድ እቅፍ የፓስፖርት ኮፒ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና፣ "ስሞቹን ፊደል በፊደል ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ" አሉኝ። አሥራ ምናምነኛው ላይ ስደርስ አንዲት "ኤች" ዘለልኩ። ጋሽ ተስፋይ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። "አሁን ይቺ ሴትዮ ኤርፖርት ቆማ ታለቅሳለች" አሉኝ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ከመጀመሪያው አስጀመሩኝ።

የቢሮው ባለቤት እሳቸው ነበሩ። አስመራ ተወልደው፣ በአማርኛ ተምረው፣ ሚኒሶታ የሸበቱ ሰው። ሁለት ጠረጴዛ፣ ሁለት ስልክና አንድ ፕሪንተር ነበረን። ሕጋቸው ጥቂት ነው፦ ስም እንደ ፓስፖርቱ፤ የልደት ቀን ከስም ቀጥሎ፤ "ኮንፈርም" የሚለውን ማጽደቂያ ከመጫንሽ በፊት ሁሉንም ለደንበኛው አንብቢ። ሦስት ወር ካለማመዱኝ በኋላ ብቻዬን ትኬት እንድቆርጥ ፈቀዱልኝ።

ደንበኞቻችን የሚሄዱት አገር ቤት ነበር። አንዱ ለሠርግ፣ አንዱ ለለቅሶ፣ አንዱ እናቱ ታማ። ለማረፍ ብሎ ትኬት የጠየቀኝ ሰው አላስታውስም። በየጃንዋሪው ጎረቤቶቻችን ወደ ሜክሲኮ ባሕር ሲበሩ እኛ በረዶ እየዛቅን እናያቸው ነበር።

ጫልቱ የመጣችው በፈረንጆቹ 2018፣ በበረዶው ወራት ነው። እዚያው ሚኒሶታ፣ ኩን ራፒድስ ትኖራለች፤ ሥራዋ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ከሺፍት ወጥታ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

"ትርሲት፣ ሰው የሌለበት ቦታ ፈልጊልኝ" አለች።

"ሰው የሌለበት ማለት?"

"እኔን የሚያውቅ ሰው የሌለበት። ምግብ የማላበስልበት፣ ሰሃን የማላጥብበት። ስልክ ባይሠራም ግድ የለኝም። ባሕር ይኑረው። አምስታችንም እንሂድ።"

አምስቱ እሷ፣ ባሏ ገመቹ፣ የአሥራ ስድስት ዓመቷ ሲፈን፣ የአሥራ ሁለት ዓመቱ ናኦልና የሰባት ዓመቷ ለሊሴ ናቸው። ገመቹ የረጅም መንገድ ትራክ ይነዳል። በሳምንት አንድ ቀን ተኩል ቤት ይገባል፤ እሱንም ተኝቶ ነው የሚጨርሰው።

"ኦል ኢንክሉሲቭ የሚባል አለ" አልኳት። "መኝታው፣ ምግቡ፣ መጠጡ አንድ ላይ ነው። አንዴ ከገባሽ ቦርሳሽን አትከፍቺም።"

"ናኦል ሁለት ጊዜ ቁርስ ቢበላስ?"

"አራት ጊዜም ይብላ።"

ከገባች ጀምሮ የሳቀችው ያን ጊዜ ነው።

በማግስቱ ገመቹ ከመንገድ ደወለልኝ። "እህቴ፣ ሰው ለመተኛት አውሮፕላን ይሳፈራል? እኔ ቤቴ አልጋ አለኝ።"

"በዚህ ወር አልጋህ ላይ ስንት ቀን ተኛህ?" አልኩት።

የትራኩ ሞተር ይሰማኛል። "እሺ፣ እሷ ካለች ያዢው" አለና ዘጋ።

ሜክሲኮ ውስጥ፣ ከኤርፖርቱ ሁለት ሰዓት በመኪና የሚያስኬድ፣ በጫካና በባሕር መሃል ለብቻው የተቀመጠ ሪዞርት አገኘሁ። ጎን ለጎን ያሉ፣ ባለቤታቸው አንድ የሆነ ሁለት ሆቴሎች ናቸው፤ ስማቸው የሚለየው በመጨረሻዋ ቃል ብቻ ነው። አንዱ ለቤተሰብ ነው፤ ሌላው ልጅ አያስገባም። ክፍል መኖሩን ቶሎ ለማየት ብዬ አምስቱንም አዋቂ አድርጌ አስገባሁ። ዕድሜያቸውን በኋላ አስተካክላለሁ አልኩ። ሲስተሙ ልጅ መኖሩን ስላላወቀ አዋቂዎች ብቻ የሚያርፉበትን አወጣልኝ። መሃል ላይ ስልክ ጮኸ፣ አነሳሁ፣ አናገርኩ፣ ተመልሼ "ኮንፈርም" ተጫንኩ። ለጫልቱ ሳነብላት ስምና ቀን አነበብኩ፤ ዕድሜ አላነበብኩም። የአውሮፕላን ትኬታቸው ለብቻው ስለተቆረጠ እዚያ ላይ ምንም አልታየም።

ከመሄዳቸው በፊት፣ "ካፖርታችሁን መኪና ውስጥ ተዉት፣ እዚያ ሸክም ነው" ብዬ መከርኳቸው። ሁሉም ተዉ፤ ገመቹ ብቻ የራሱን ጠቅልሎ ይዞ ሄደ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሲፈን ደወለች። "አንቲ ትርሲት፣ ልጅ አይገባም እያሉን ነው" አለችኝ በእንግሊዝኛ። ፋይላቸውን ከፈትኩ። አዋቂ አምስት፣ ልጅ ዜሮ ይላል።

ገመቹ ስልኩን ተቀበላት። "እህቴ፣ ልጆቹን በር ላይ ጥለን እንግባ?"

አፌ ላይ ብዙ ነገር መጣ። ሲስተሙ ነው፣ የሆቴሎቹ ስም ተመሳስሎ ነው፣ ስልክ ጮኾ ነው። ሁሉንም ዋጥኩት።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አልኩት። "የልጆቹን ዕድሜ ሳላስገባ ያዝኩት። አሁኑኑ ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ። ባገኝም ባላገኝም በየግማሽ ሰዓቱ እደውልልሃለሁ።"

"እሺ። ልጆቹ ርቧቸዋል" አለ።

የሆቴሉን እንግዳ ተቀባይ በስልክ ለመንኳት፤ ደግ ሴት ነበረች፣ ሳንድዊችና ጭማቂ አወጣችላቸው። የቤተሰቡ ሆቴል ሞልቷል። የሆቴሉን ክፍል የሸጠልን ድርጅት እስከ ሰኞ ምንም የለንም አለኝ። በግማሽ ሰዓቱ ደወልኩ፤ "እስካሁን የለም" አልኩት። በሁለተኛውም እንደዚያው።

ጋሽ ተስፋይ ከውጭ ሲመለሱ የሆነውን ነገርኳቸው። "ልጆቹ ስንት ናቸው?" ብቻ ነው ያሉኝ። ከመሳቢያቸው ጠርዙ ያለቀ የስልክ ደብተር አወጡ። እዚያ አገር ቱሪስት በቫን የሚያመላልስ ኤርኔስቶ የሚባል ሰው ያውቁ ነበር። ሰውየው እንግሊዝኛ ብዙም አይችልም፤ ጋሽ ተስፋይ ስፓኒሽ አያውቁም። በልጅነታቸው አስመራ የለመዱትን ጣልያንኛ አወጡ። "ባምቢኒ! ትሬ ባምቢኒ!" እያሉ፣ ሦስት ልጆች ማለታቸው ነው፣ በነጻ እጃቸው የልጆቹን ቁመት ለግድግዳው ያሳያሉ። ሰውየው በስፓኒሽ ይመልሳል። እየጮኹ ተግባቡ።

የኤርኔስቶ እህት የባሕሩ ወሽመጥ ጫፍ ላይ፣ መንገዱ የሚያልቅበት ቦታ፣ አሥራ ሁለት ክፍል ያላት ማረፊያ አላት። ሦስቱም ምግብ ከመኝታው ጋር ነው። የቀረው አንድ ክፍል ነው።

"አንድ ክፍል ነው" አልኩት ገመቹን። "አምስታችሁም እዚያው። ኢንተርኔት የለም።"

"ጣራ አለው?"

"አለው።"

"ይበቃል" አለ። ኤርኔስቶ ራሱ መጥቶ ወሰዳቸው። ከዚያ ስልካቸው አልሠራ አለ።

ጋሽ ተስፋይ አልቆጡኝም። "ዕድሜ ከስም ቀጥሎ" ብለው በወረቀት ጽፈው ስክሪኔ ጠርዝ ላይ ለጠፉት። ያን ሳምንት ስልኩ በጮኸ ቁጥር ፈጥኜ አነሣ ነበር።

በተመለሱ በሦስተኛው ቀን ጫልቱ ብቻዋን መጣች። ፊቷ ጠቁሮ አፍንጫዋ ተልጧል። ልትሰድበኝ ነው ብዬ ተነሥቼ ቆምኩ።

"ተቀመጪ" አለችኝ። "የመጀመሪያውን ሁለት ቀን ዘነበ። ጉንዳን ስኳራችንን በላው። ሲፈን ኢንተርኔት የለም ብላ አኮረፈች። እኔ ግን ተኛሁ፣ ትርሲት። ቁርስ በልቼ ተኛሁ፣ ምሳ በልቼ ተኛሁ። የማንንም አልጋ አላነጠፍኩም።"

በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ወጣ። ገመቹ ዋና አያውቅም። ለሊሴ፣ "ዳዲ፣ በጀርባህ ተኛ፣ እኔ እይዝሃለሁ" ብላ ባሕሩ ላይ አስተኛችው። "ያን የሚያህል ሰውዬ" አለች ጫልቱ፣ "የሰባት ዓመት ልጅ ጭንቅላቱን ደግፋው ዓይኑን ጨፍኖ ይንሳፈፋል! ያኮረፈችው ሲፈን እንኳ ሳቀች።"

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"የሄድኩት ለገመቹ ልነግረው ነበር። ልጆቹን ይዤ አፕል ቫሊ እህቴ ጋ ልገባ ወስኜ ነበር። ቢያንስ አንድ ጥሩ ሳምንት ይኑራቸው ብዬ ነው አንቺ ጋ የመጣሁት።"

ወንበሬን ወደሷ አስጠጋሁ።

"ሆቴሉ በር ላይ ስንቀመጥ አሁን ይጮሃል ብዬ ጠበቅኩ" አለች። "ካፖርቱን ወለሉ ላይ አንጥፎ ለሊሴን አስተኛት። ሳንድዊቹን ለልጆቹ አካፍሎ እሱ አልበላም። ስትደውዪ 'ልጅቷ እየሞከረች ነው' ይለናል። ይህን ሰው ካየሁት ስንት ዓመቴ ነው አልኩ። በአምስተኛው ቀን ባሕሩ ዳር ነገርኩት። 'ምን ላድርግ?' አለኝ። 'ቤት ግባ' አልኩት።"

በረዶው ሲቀልጥ ገመቹ የረጅሙን መንገድ ትቶ ከተማው ውስጥ ዕቃ ማድረስ ጀመረ። አመሻሽ ላይ ቤት ይገባል። አሁንም ይጣላሉ፤ ጫልቱ ራሷ ነግራኛለች። ግን ፊት ለፊት ተቀምጠው ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቤተሰብ ወደዚያ ባሕር ላክሁ። አንዳንዱ ተደስቶ መጣ፣ አንዳንዱ ሙቀቱን ረገመ። ሙያውን ለሚጀምሩ ይህን ታሪክ ስነግራቸው "ስህተትሽ በጀ" ይሉኛል። አልበጀም። ሦስት ልጆች በኔ ስንፍና በር ላይ ተቀምጠዋል፤ የበጀው የአባታቸው ትዕግሥት ነው። ስለዚህ የልጆችን ዕድሜ መጀመሪያ አስገቡ። ከተሳሳታችሁም ደንበኛው ሳይጠይቃችሁ ጥፋቱ የእናንተ መሆኑን ንገሩት፤ እደውላለሁ ባላችሁት ሰዓት ደግሞ፣ የምትሉት ባይኖርም፣ ደውሉ።