ከደጀኔ ማስተማሪያ ላይ የሰረዝኩት መስመር

ጠዋት ራህማ ደውላ «መምህር አረፈ» ስትለኝ «የትኛው መምህር?» አልኳት።

የትኛው እንደሆነ አውቄያለሁ። ሌላ ሰው እንዲሆን ጊዜ እየሰጠኋት ነበር።

ደጀኔ። ትናንት ከሰዓት እኮ ሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ሰልፍ ላይ አይቼዋለሁ። የላፕቶፕ ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቅፎ ቆሟል። ሳልጠራው አለፍኩ። ለምን እንዳልጠራሁት ነው ዛሬ የምጽፈው።

ልቡ ነው አሉ። ቁርስ ቀርቦለት፣ እጁን ሊታጠብ እንደተነሳ። ከዚያ በላይ መጠየቅ አልቻልኩም።

ለማታውቁት፣ ደጀኔ ጋርመንት አካባቢ ከአንድ ልብስ ሰፊ ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ያስተምር ነበር። ትምህርቱ ኮድ ጽፎ ክላውድ ላይ የመረጃ ማከማቻ መፍጠር ነው። ቮልዩም ይሉታል። ሩቅ ቦታ ያለ፣ በእጅ የማይነካ ባዶ ሃርድ ዲስክ በሉት። ስሙንና መጠኑን ጽፋችሁ በኤፒአይ፣ ፕሮግራም ከፕሮግራም በሚነጋገርበት በር፣ ትልካላችሁ። እዚያ ማዶ ያለው ሲስተም ትእዛዙን ወዲያው ይቀበላል። ማከማቻው ግን ተዘጋጅቶ እስኪያልቅ ትንሽ ይቆያል።

ይህን በአማርኛ ጻፈው። ክፍል ውስጥ ብዙ አያወራም፤ ወረቀቱን ነው የሚያስነብበው። እኔ ደግሞ አማርኛውን እንዳርምለት ተጠራሁ። ሁለት ልብ ወለድ ያሳተምኩ ሰው ነኝና።

አራተኛው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦

«ልብስ ሰፊው እሺ አለ ማለት ልብሱ ተሰፋ ማለት አይደለም። አንዴ ካዘዛችሁ ደግማችሁ አትዘዙ። ጠብቁ።»

አንብቤ ወረቀቱን አስቀመጥኩት። መልሼ አነሳሁት።

ቀናሁ። ሌላ ስም የለውም። እኔ ለአንድ ዓረፍተ ነገር ሳምንት ሙሉ የምቀመጥ ሰው ነኝ። እሱ ሱሪ ሊያሳጥር ወርዶ ይዞት ወጣ።

በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩት። ሦስቱንም ዓረፍተ ነገር። ዳር ላይ «ከርዕሱ ይወጣል፣ ለእንዲህ ዓይነት ጽሑፍ አይመጥንም» ብዬ ጻፍኩ። ውሸቴን ነበር። ገጹ ላይ ነፍስ የነበረው እሱ ብቻ ነው።

ደጀኔ ቀዩን ብዙ አየው።

«እሺ፣ ደራሲው» አለ። «አንተ ታውቃለህ።»

በዚያ ዙር ራህማ ነበረች። ነፋስ ስልክ ትንሽ ሱቅ አላት፤ ሱቁን ለእህቷ እየተወች ነው የምትማረው። ማከማቻ አዘዘች። ትእዛዝሽ ደርሷል የሚል መልስ መጣላት። ልትጠቀምበት ስትል እምቢ አላት፤ ገና አልተዘጋጀማ። የተበላሸ መስሏት እንደገና አዘዘች። እንደገና። ሰባት ማከማቻ፣ ሰባቱም አንድ ስም። የክፍሉ ሥራ አንዱ ላይ ተቀመጠ። በኋላ ትርፎቹን ላጽዳ ብላ ስታጠፋ ሥራው ያለበትንም አብራ አጠፋችው። የሦስት ሳምንት ሥራ።

ቦርሳዋን አንስታ በሩ ጋ ደርሳ ነበር። «እኔን ሱቄ ይበቃኛል» አለች።

«ቁጭ በይ ራህማ» አላት ደጀኔ፣ ሁሉም እየሰማ። «ጠብቂ ሳልልሽ እንዴት ትጠብቂያለሽ? ጥፋቱ የጻፈው ሰው ነው።»

የጻፈው ሰው። እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜያለሁ። ወደ እኔ አላየም። ቢያየኝ ይሻለኝ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት መስመሩ ወረቀቱ ላይ ተመልሷል። ከዚያ ወዲያ ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ወሬው የታችኛው ልብስ ሰፊ ጆሮ ሲደርስ ደረጃው ላይ ጠብቆ ደጀኔን አስቆመው።

«መምህር፣ ስማችንን አጠፋኸው እኮ።»

«ሱሪዬን ስጠኝና እሰርዘዋለሁ።»

«ነገ።»

«ይኸው። ታዲያ ሌላ ምሳሌ ከየት ላምጣ?»

ተማሪው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እየሳቅኩ ቀናሁ።

ከመጽሐፎቼ አንድ መስመር በቃሉ የሚልልኝ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ጠዋት ፌስቡክ ስከፍት ተማሪዎቹ ያችኑ መስመር ከፎቶው ጋር ለጥፈዋል። ስንት ሰው እንደለጠፋት መቁጠር ጀመርኩ። ሰውየው ሞቶ እኔ እቆጥራለሁ። ይህንንም ልናገር።

አንድ ቀን ልነግረው ሞክሬ ነበር። ታክሲ እየጠበቅን።

«ደጀኔ፣ ያን መስመር የሰረዝኩት ስለማይረባ አይደለም» አልኩት።

ረዳቱ ፉሪ፣ ፉሪ እያለ ይጮኻል። ደጀኔ አንድ እግሩን ታክሲው ውስጥ እንዳስገባ ዞረ።

«እሺ» አለኝ። ፈገግ አለ። በሩ ተዘጋ።

ያንን እሺ ይኸው ሁለት ዓመት ሳገላብጠው ኖርኩ። ገብቶኛል ነው? ይቅር ብዬሃለሁ ነው? ታክሲው ሊያመልጠኝ ነው? ሌላ ቀን በደንብ እጠይቀዋለሁ እያልኩ፣ ባየሁት ቁጥር መንገድ እየቀየርኩ። ትናንትም እንዲሁ ነበር።

ድንኳኑ ፉሪ፣ ቤቱ በር ላይ ተተክሏል። የምትችሉ ኑ። ራህማ ትምህርቱ እንዳይቋረጥ ክፍሉን እሷ ትይዘዋለች። ወረቀቱን ይዛ፣ አራተኛው ገጽ ሳይነካ።

ደጀኔ፣

ቀንቼብህ ነው የሰረዝኩት። ይኸው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። እንዳንተ መጻፍ ፈልጌ ነው። አሁንም እፈልጋለሁ።

እሺ ብለኸኝ ነበር። እሺ ማለት አለቀ ማለት እንዳልሆነ ግን ያስተማርከን አንተው ነህ።

በሰላም እረፍ፣ ወንድሜ። ይቅርታ ጠይቄሃለሁ። ደግሜ አልጠይቅህም። እጠብቃለሁ።