ስጡና ሜዳው

እኔና ዴልፊና ጉምባን የተጣላነው በሩዝ ነው። በእኛ አገር በኢሎኢሎ ሰው ሲጣላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፤ ባዕድ ቢሰማን የምንጣላ ሳይሆን የምንዋደድ ይመስለዋል። እኔ ግን ቁጣዬ ከመጣ ማለሳለስ አላውቅም።

ዴልፊና የድሃ ገበሬ ልጅ ናት። ከተማ ሀብታሞቹ ቴኒስ ሲጫወቱ ኳስ እየለቀመች ጀመረች፤ ቆይታ እሷው ራኬት ያዘች፤ ከዚያም ባሕር ተሻግራ በቴኒስ እንጀራዋን የምትበላ ተጫዋች ሆነች። ቀኝ ጉልበቷ እምቢ ሲላት ሌላው ቢሆን ቤት ሠርቶ ያርፍ ነበር። እሷ ያጠራቀመችውን ይዛ መጣችና በመንደሩ መሬት ላይ የሲሚንቶ ቴኒስ ሜዳ አሠራች። ልጆቻችንን በነጻ ታሠለጥናለች፣ ሲጨርሱ በዝንጅብል የተሠራ የሩዝ አጥሚት ታጠጣለች፣ የትምህርት ቤት ወጪያቸውንም ትችላለች። «ትምህርት ቤት ያልዋለ ራኬቴን አይነካም» ትላለች። የልጅ ልጄ ሚላግሮስ ስትቀር ስትቀር አስለቅሳኝ፣ ደብተር የያዘችው በእሷ ነው። ግን መሬቱ የጋራ ነው። የመንደሩ ሹም ካፒታን ፓልማሬስ ሜዳውን የፈቀደላት እስከ አጨዳ ነበር፤ ይቀጥል ወይስ ይቅር የሚለውን መንደሩ በእሁድ ስብሰባ ይወስናል ተባለ።

አጨዳው ደረሰ። እኛ ዘንድ ሲሚንቶ ካለ ስጥ አለ። መንገድም ይሁን የቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ቀድሞ ያሰጣ ባለቤት ነው። እኔም ማልጄ ሩዜን ሜዳው ላይ አሰጣሁ። ዴልፊና መጣችና መጥረጊያ አነሳች፤ ከነጫማዋ ስጤን እየረገጠች ወደ ዳር ትገፋው ጀመር። እህል በጫማ!

«ማናንግ ታሲንግ፣ ልጆቹ ሊመጡ ነው፤ ትንሽ ቦታ ብቻ» አለችኝ። እንደ ታላቅ እህት ማናንግ ማለቷ እንኳ አላበረደኝም።

«አንቺ ልጅ፣ ባሕር ማዶ የበላሽው ሩዝ ከመደብር ነው የበቀለው?» አልኳት። ሩዜን ሰብስቤ መልሼ ዘረጋሁት።

በነጋታው ማንም አልሰደባትም። ልጆቹ ግን ሳይመጡ ቀሩ። አንዷ እናት «አሞታል»፣ ሌላዋ «ነገ ይመጣል» እያሉ በፈገግታ ሸኟት። አጥሚቱ ከነድስቱ በረደ። እኛ እምቢ አንልም፣ እንቀራለን። እሷም የአገሯ ልጅ ናትና ገባት።

ቅዳሜ ስጤን ላገላብጥ ስሄድ ዴልፊና ቀድማኛለች። ጫማዋን ዳር ላይ አውልቃለች። እግሯን አየሁት፤ ጣቶቿ ጠማማ፣ ጥፍሮቿ ግማሹ የሉም። በባዶ እግሯ ሩዙን እየሰነጠቀች፣ መስመር እያወጣች ወደ ጎን ትንሸራተታለች።

«ማን አዘዘሽ?» አልኳት።

«ማንም።»

«ሐኪሙ በዚህ ጉልበት እንዳትንሸራተቺ ብሎሽ የለ?»

«ሐኪሙ ስጥ የለውም፣ ማናንግ።»

ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ዋጥኩት። «በጫማ የረገጥሽውስ?»

ቆመች። «አባቴ ቢያየኝ ያንኑ መጥረጊያ ያቀምሰኝ ነበር። ባሕር ማዶ ኳስ ለመምታት ስንሸራተት ‹ይህን መንሸራተት ማን አስተማረሽ?› ይሉኝ ነበር። ያስተማረኝ የአባቴ ስጥ ነው። ያንን ረስቼ ነው የረገጥኩብሽ። ይቅር በዪኝ።»

ጥላ ሥር ሄጄ ተቀመጥኩ። እሷም ወደ ስጡ ተመለሰች። ፀሐይ ሲበረታ ደግማ አገላበጠች፤ ደግሞም ደገመች። ሚላግሮስ ከአጥሩ ሥር ስታያት ቆይታ ነጠላ ጫማዋን ጥላ ገባች። «ጉልበትሽን እጠፍ አድርጊ! ራስሽን አታወዛውዢ!» አለቻት ዴልፊና። ሌሎቹም አንድ በአንድ መጡ። ሩዜ እንደዚያ ቀን ተገላብጦ አያውቅም። ወደ ማታ እህሉ ኬሻ ገባ፣ ሜዳው ተጠረገ፣ ኳስ ተመታ። ወደ ቤቷ ስትሄድ ግን እያነከሰች ነበር።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰበሰብን። ደንባችን ጠያቂ ቆሞ እንዲናገር ነው። ስሟ ሲጠራ ዴልፊና አልተነሳችም። ጉልበቷ አብጦ ቀሚሷን ወጥሮታል። ወንበሩን ጨብጣ ሞከረች፣ ተመልሳ ተቀመጠች። ደግማ ሞከረች። ላቧ ፊቷ ላይ ወረደ።

«የሚጠይቅ ይቁም» አለ ካፒታን ፓልማሬስ።

አናደደችኝ። እንዲህ ያለ ግትር ሰው! ብድግ ብዬ ሄድኩና ትከሻዬን ከብብቷ ሥር ሰጠኋት፤ አንድ እጄን በወገቧ አዙሬ በሌላው እጇን ያዝኩ።

«አሁንም ተቆጥተሻል?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«በጣም። ተነሺ!»

ተነሳች። ወደ ሰዉ ዞራም ተናገረች። «አጨዳ ሲሆን ሜዳው ቀን ቀን የስጥ ይሁን፤ ሩዙ ሲነሳ የልጆች። ስጡን እኔና ልጆቹ እናገላብጣለን። ጫማ ያደረገ አይገባም፤ እኔም ብሆን።»

«የሚቃወም እጁን ያውጣ» አለ ካፒታኑ። ከመሐል የማንም እጅ አልተነሳም፤ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የተበደልኩት እኔ ነኛ፤ እኔ ካወጣሁ ሁሉም ያወጣል። ዴልፊና ሙሉ ክብደቷን ጥላብኛለች።

«ማናንግ ታሲንግ፣ አንቺስ?» አለኝ።

«እጄ ተይዟል» አልኩት።